ከጎማው ሥር ያለው እንጨት

እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ደቡብ ኮሪያዊው ርዩ ሱንግ ሚን በጠረጴዛ ቴኒስ የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ ቻይናዊውን ዋንግ ሃውን 4 ለ 2 ረትቶ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲወስድ፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው የሚያስታውሰው እግሩን ነው። ከጠረጴዛው ግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ይበርር ነበር። በግራው በኩል የመጣችበትን ኳስ እንኳ ዞሮ በፎርሃንድ ይመታታል። ጎማ የለጠፈው በራኬቱ አንድ ወገን ብቻ ስለነበር ባክሃንዱ ያን ያህል አያስፈራም፤ የጎደለውን የሚሞላው በሩጫ ነው።

ስለ እንጨት ለሚያስብ ሰው ግን የዚያ ቀን ጉድ የነበረው እጁ ላይ ነው። የዛሬ ራኬቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስስ ሉሆች ተደራርበውና በኮላ ተጣብቀው የሚሠሩ ናቸው። የርዩ ራኬት አንድ ወጥ ጣውላ ነበር፤ ሂኖኪ ከተባለ የጃፓን ዛፍ የወጣ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው። ሂኖኪ እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ምርጡ የሚገኘው ኪሶ በሚባለው የጃፓን ተራራማ አካባቢ ሲሆን፣ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ የሚታነጸው የኢሴ ቤተ መቅደስም እንጨቱን የሚያስመጣው ከዚያው ነው። ዛፉ በብርድ አገር ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የዕድሜ ቀለበቶቹ ጥቅጥቅ ይላሉ፤ ለራኬት የሚፈለገውም ይኼው ነው።

አሁን ልብ በሉ፤ ሂኖኪ ለስላሳ እንጨት ነው። ጥፍር ሲጫኑበት ምልክት ይይዛል። በራኬት ገበያ የሚናፈሰው ደንብ፣ ማለትም ጠንካራ እንጨት ፈጣን ነው፣ ለስላሳ እንጨት ዘገምተኛ ነው የሚለው ወሬ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የርዩ ራኬት ለጡረተኛ መዝናኛ በሆነ ነበር። እንዲህ ያለው ወፍራም የሂኖኪ ራኬት ግን ከፈጣኖቹ ተርታ የሚመደብ ነው።

ሻጩም ገዢውም ሁለት ነገሮችን ደባልቀው ስለሚያወሩ ነው ይህ ግራ የሚያጋባው። አንደኛው የገጹ ጥንካሬ ነው፤ ኳሷ ጎማውንና ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ አልፋ ስትጫነው ላይኛው ሉህ ምን ያህል ይሰረጉዳል? ሁለተኛው ግትርነት ነው፤ ራኬቱ እንዳለ ከእጀታው እስከ ጫፉ ምን ያህል ይታጠፋል? ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ግን ግዴታ የለባቸውም። ቆርቆሮ ጥፍር አያስገባም፤ ሆኖም ዳርና ዳሩን ይዘው ቢያነሱት ይዋልላል። የርዩ ራኬት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ገጹ ለስላሳ፣ ሰውነቱ ግትር።

ግትር ያደረገው ውፍረቱ ነው። ጣውላ አልታጠፍም የሚልበት ጉልበት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በብዙ እጥፍ ይቀድመዋል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ያው እንጨት ከ6 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ግትርነቱ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ያድጋል። ወደ ተለመደው ራኬት ስንመጣም ስሌቱ ያው ነው፤ በ5.5 እና በ6 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ከቁብ የሚገባ አይደለም፣ በመታጠፍ ረገድ ግን 30 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ራኬት ሲገዛ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ቁጥር፣ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የፍጥነት ነጥብ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። የፍጥነት ነጥቡን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ መሰለው ነው የሚሰጠው፤ የአንዱ 90 ከሌላው 90 ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሚሊ ሜትር ግን የትም ሚሊ ሜትር ነው።

ጎማው ያልተለጠፈበትን ራኬት መስኮት አጠገብ ይዞ ጠርዙን ያየ ሰው፣ ብዙ ጊዜ አምስት መስመሮች ያገኛል። አሠራሩ የቤት ዕቃ ሠሪ ከሚያውቀው ኮምፔንሳቶ ብዙም አይለይም። መሐሉ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቀላል እንጨት አለ፤ እምብርቱ እንበለው። ከእምብርቱ ግራና ቀኝ፣ ጭረቱ ወደ ጎን የሚሄድ ሁለተኛ ሉህ ይገኛል። ከዚያ በላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ጭረቱ ከእጀታው ወደ ጫፍ የሚሮጥ የላይኛው ሉህ አለ። ሁለተኛው ሉህ ወደ ጎን የሚተኛው ራኬቱ በጭረቱ እንዳይሰነጠቅና እንዳይጣመም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ከውፍረቱ የአንበሳውን ድርሻ የያዘው እምብርት፣ በግትርነቱ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ጣውላ ሲታጠፍ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው ዳርና ዳሩ ነው፤ መሐሉ ብዙም አይነካም። አንድ ወጥ ጣውላ ወስደን የውፍረቱን መካከለኛ ግማሽ ለብቻው ብናሰላው፣ ከጠቅላላው ግትርነት የሚሸፍነው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። በራኬት ውስጥ ደግሞ እምብርቱ ከዳሮቹ ይልቅ ቀላልና ልል ስለሆነ ድርሻው ይበልጥ ያንሳል፤ ጭረቱ አግድም የሆነው ሁለተኛው ሉህም በቁመት በኩል ብዙ አያግዝም። ስለዚህ ከወረቀት ትንሽ የወፈረው የላይኛው ሉህ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ጥንካሬውንም ግትርነቱንም በዋናነት የሚወስነው እሱ ነው። ከውፍረቱ ቀጥሎ ስለ አንድ ራኬት አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ቢፈቀድልኝ የምጠይቀው የላይኛው እንጨት ምንድን ነው ብዬ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከአፍሪካ ይመጣል። ጃፓን ወይም ስዊድን ተሠራ የሚል ማኅተም ያለበት ራኬት ሲገለጥ፣ በውስጡ የሚገኘው በብዛት የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። አዩስ የሚባለው ነጣ ያለ ቀላል እንጨት፣ በጋና ዋዋ፣ በናይጄሪያ ኦቤቼ የሚሉት፣ የእምብርትነቱን ሥራ ይዟል፤ 1 ሜትር ኩቡ ሲደርቅ 380 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሊምባ ወርቃማ ቀለም ያለው፣ 550 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ለላይኛው ሉህ የተመረጠ እንጨት ነው። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ፍላይንግ ቪ የተሠራውም ከዚሁ ከሊምባ ነው። ኮቶ ደግሞ ከሊምባ ጠንከር፣ ከበድ ይላል።

ሊምባ ላይ ያረፈች ኳስ ወደ እንጨቱ ትንሽ ዘለቅ ብላ የተመለሰች ይመስላል። ቶፕስፒን ለሚያበዛ ተጫዋች ይህ ምቹ ነው፤ ኳሷን ጠረግ አድርጎ ለማንሳት ጊዜ ያገኘ ይመስለዋል። ኮቶ ላይ ቶሎ ትነሳለች፤ ብሎክና ጠፍጣፋ ምት ጥርት ብሎ ይወጣል። ከዚህ የሚጠነክሩም አሉ፤ እንደ ዋልነትና ሮዝዉድ ያሉት ኳሷን በአጭርና በደረቅ ድምፅ ይመልሷታል። ባልሳና ኪሪ በሌላው ጫፍ ይቆማሉ። ሁለቱም እጅግ ቀላል ስለሆኑ እምብርት ላይ ሲገቡ ክብደት ሳይጨምሩ ውፍረት ይሰጣሉ።

ከእንጨቱ ሌላ የሚገባው ቃጫ ነው። የዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ፣ ከራኬቱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ያዝዛል። በማጣበቂያው ንጣፍ ውስጥ እንደ ካርቦን ያለ ቃጫ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ግን አንዱ ንጣፍ ከጠቅላላው ውፍረት 7.5 በመቶ ወይም ከ0.35 ሚሊ ሜትር፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ከእንጀራ ዓይን ጥልቀት የማይበልጥ ነገር ራኬቱን ይለውጠዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል። ዳርና ዳሩ ምን ያህል እንደሚወስን ላስተዋለ ግን አያስገርምም፤ ቃጫው ራሱ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው ዋናው።

ለዚህ ከሁለት ቻይናውያን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዣንግ ጂኬ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2013 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ2012 ደግሞ የለንደንን ኦሊምፒክ ያሸነፈው፣ በተርፍላይ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በሚሠራው ቪስካሪያ ነበር። ቪስካሪያ ላይኛው ሉሁ ኮቶ ነው፤ ከኮቶው ሥር ወዲያው አሪሌት ካርቦን የሚባለው ቃጫ አለ፤ ቀጥሎ ሊምባ፣ መሐሉ ላይ ኪሪ። ቃጫው ከዳሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ ራኬቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ማ ሎንግ ደግሞ ዲ ኤች ኤስ ከተባለው የቻይና ፋብሪካ ከሚወጣው፣ ስሙን ከያዘው ሃሪኬን ሎንግ 5 ጋር ነው የሚታወቀው። እዚህ ላይኛው ሉህ ሊምባ ነው፤ ያው ዓይነት ቃጫ ወደ ውስጥ ገብቶ እምብርቱን ታክኮ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ሲመቱበት ቃጫው የሌለ ያህል ነው፤ እንጨቱ ብቻ ይሰማል። በኃይል ሲመቱበት ኳሷ ጠልቃ ገብታ ቃጫውን ታገኘዋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ እነዚህ ሁለት ሰዎች ፍጻሜ ተገናኝተው ማ ሎንግ 4 ለ 0 አሸነፈ። በዚህ ተነስቶ ውስጠኛው ቃጫ ከውጭኛው ይበልጣል የሚል ቢኖር አልስማማም፤ ያን ቀን ያሸነፈው ማ ሎንግ ነው እንጂ ሊምባው አይደለም። የሚያስተምረው ሌላ ነው፦ በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ የዓለም ቁንጮ የሆኑ ሁለት ሰዎች ስለ እንጨት ስሜት አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ስሜት ያልነው ታዲያ ምንድን ነው? ተጫዋች ሁሉ ያወራለታል፤ ሲጠየቅ ግን እጁን እያወዛወዘ ዝም ይላል። ነገሩን ለመረዳት ከጊዜ መነሳት ያስፈልጋል። ኳሷ ራኬቱን ነክታ የምትቆየው ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ከእጅ የሚነሳ የነርቭ መልእክት አንጎል ለመድረስ 20 ያህል እንዲህ ያሉ አንድ ሺህኛዎች ይፈጅበታል። መልእክቱ ሲደርስ ኳሷ በመካከለኛ ፍጥነት እንኳ ስንዝር ሄዳለች። ስለዚህ ተሰማኝ ብሎ ያንኑ ምት ያስተካከለ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስሜት የምቱ መሪ አይደለም። ከሥራው በኋላ የሚቀርብ ሪፖርት ነው፤ ጥቅሙም ለሚቀጥለው ምት ነው።

ሪፖርቱ የሚጻፈው በንዝረት ነው። ኳሷ ስታርፍ ራኬቱ ይታጠፋል፤ ለመታጠፍ ጉልበት ይወስዳል። ጉልበቱን መልሶ ለኳሷ ይሰጣት ነበር፤ ግን አይደርስባትም። እንጨቱ ታጥፎ እስኪመለስ ኳሷ ጥላው ሄዳለች። የቀረው ጉልበት በእንጨቱ ውስጥ እየተወዛወዘ ወደ እጀታው፣ ከእጀታው ወደ መዳፍና ወደ ጣት ይሄዳል። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ የዚህ ጽሑፍ ሁሉ እምብርት ነው፦ እጅ ላይ የሚሰማው ኳሷ ሳትወስደው የቀረው ጉልበት ነው። የሚታጠፍ ራኬት ዘገምተኛ የሚሆነውና ስሜት ያለው የሚሆነው በአንድ ምክንያት ነው። ግትር ራኬት ደግሞ ጉልበቱን ለኳሷ ይሰጥና ለእጅ ትንሽ ያስቀራል። ካታሎጎች ፍጥነትንና ስሜትን በሁለት የተለያዩ ረድፎች ያሰፍሯቸዋል፤ ሁለቱንም 10 ከ10 የሚሰጡም አሉ። አሪሌት ከካርቦን ጋር ተሸምኖ የሚገባው ፍጥነት ሲጨምር ስሜት የሚቀንስበትን ይህን ነገር ለማለዘብ ነው፤ ካርቦኑ ያጠነክራል፣ አሪሌቱ የሻከረውን ንዝረት ይውጣል። የቀረው ንዝረት ልዝብ ስለሆነ ደስ ይላል። ብዙ ይናገራል ማለት ግን አይደለም።

ጆሮም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቦምቤይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የለጠፈበት ራኬት ይዞ መጣና ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ጎማው በቀጥታ እንጨት ላይ ስለሚጣበቅ ምት ሁሉ ቋ ይል ነበር፤ ተጋጣሚ ከድምፁ ኳሷ ምን ያህል እንደተመታች ይገምታል። የሳቶ ስፖንጅ ድምፁን ዋጠው፤ ተጋጣሚዎቹን ከፍጥነቱ ያላነሰ ግራ ያጋባቸው ጸጥታው ነው። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1959 ጎማውና ስፖንጁ በአንድ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ይህ ልክ እስከ ዛሬ ይሠራል። ኒታኩ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ደግሞ አኩስቲክና ቫዮሊን ብሎ የሰየማቸውን ራኬቶች ከሙዚቃ መሣሪያ አሠራር ተበድሮ ነው የሠራቸው።

* * *

ምርጫው ላይ ስንደርስ፣ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። ሻምፒዮኑ የያዘውን ያያል፣ ያንኑ ይገዛል፣ ከዚያ እጁን ለማላመድ ይታገላል። ባለሙያው ግን ካርቦን የሚያሳድድበት የራሱ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኳሷ ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገች። በ2008 ስፖንጁን የሚነፋውና ጎማውን የሚያፈጥነው ማስቲሽ ታገደ። በ2014 ሴሉሎይድ ቀርቶ ፕላስቲክ ኳስ ገባ። ሦስቱም ፍጥነትና ስፒን ቀነሱበት፤ የቀነሰበትን በግትር እንጨት ይመልሳል። ጀማሪው ግን ምንም አልጠፋበትም።

ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ከእንጨት ብቻ የተሠራ ባለ አምስት ሉህ፣ ውፍረቱ ከ5.5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ80 እስከ 88 ግራም የሚሆን ራኬት ይበቃል፤ ይበቃል ስል ለዓመታት ማለቴ ነው። የስቲጋ ኦልራውንድ ኢቮሉሽን፣ የያሳካ ስዊድን ኤክስትራ፣ የበተርፍላይ ኮርቤል የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሻጭ ወሬ የሚያስመስለውን ያህል ሰፊ አይደለም። ከጠረጴዛው ሳይርቅ በብሎክና በጠፍጣፋ ምት የሚጫወት ሰው ወደ ባለ ሰባት ሉህ ቢያመራ ያዋጣዋል፤ የዚህ ዓይነቱ ታዋቂ ምሳሌ የስቲጋው ክሊፐር ነው። ርቆ ቆርጦ የሚመልስ ተከላካይ ሰፋ ያለ ገጽና ዘገምተኛ እንጨት ይፈልጋል፤ የሱ ዓለም ሌላ ነው።

ሁለት አማራጭ በእጅ ካለ መለያው ቀላል ነው። ያለ ጎማ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ላላ አድርጎ ይዞ ኳስ መሐሉ ላይ መጣል። ግትሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ታጣፊው ወፈር ይላል። የድምፁን ድግግሞሽ በስልክ መለካትም ይቻላል፤ አብዛኛው ራኬት ከ1,000 እስከ 1,700 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ከእንጨት ብቻ የሆኑት ሁለገብ ራኬቶች ወደ ታች፣ ካርቦን የገባባቸው ወደ ላይ። ቁጥሩን ብቻ አምኖ መሄድ ግን አይገባም፤ ድምፁ የሚቀጥነው ራኬቱ ግትር ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ቀላል ስለሆነም ነው። ሚዛን ያስፈልጋል። አንድ ስም፣ አንድ ሞዴል የያዙ ሁለት ራኬቶች ከ8 እስከ 10 ግራም ሲለያዩ ማየት የተለመደ ነው፤ ዛፍ እንደ ፕላስቲክ በልክ አይፈስም።

ከዚህ የሚበልጠው ፈተና ጎማው ከተለጠፈ በኋላ ያለው ነው። ራኬቱን እንደ ልማድ ይዞ ዓይን መጨፈን፤ ጓደኛ ደግሞ ከስንዝር ከፍታ ኳሷን አንዴ ጫፉ አጠገብ፣ አንዴ መሐሉ ላይ፣ አንዴ ወደ እጀታው አስጠግቶ ይጥላል። የት እንዳረፈች መናገር ነው ሥራው። በታጣፊ ባለ አምስት ሉህ ራኬት ብዙ ሰው ወዲያው ይለያል፤ ጫፉ ላይ ያረፈችው እጅን ትነቀንቃለች፣ መሐሉ ላይ ያለችው ግን ዝም ትላለች። በጣም ግትር በሆነው ላይ ሦስቱም ይመሳሰላሉ። ለሠለጠነ ተጫዋች ይህ መመሳሰል ጸጋ ነው፤ ከመሐል የወጣች ምት አትበላሽበትም። ለሚማር ሰው ግን የተሳሳተውንና የተሳካውን አንድ አድርጎ የሚያወራ ራኬት ምን ይጠቅመዋል?

ጠረጴዛው ላይ ሲወጣም በኃይል መምታት የመጨረሻው ፈተና መሆን አለበት። በስማሽ ሁሉም ራኬት ፈጣን ነው። ልዩነቱ የሚወጣው በአጭር ሰርቪስ መልስ፣ መረቡን ታክካ በምትወርድ ኳስ፣ በቀስታ በሚሽከረከር ቶፕስፒንና በብሎክ ነው። ኳሷ ሳይታሰብ እየረዘመች የምትወጣ ከሆነ ራኬቱ ለዚያ እጅ ገና ነው።

ጎማውና እንጨቱ መጋባት አለባቸው። ተጣባቂ ገጽና ጠንካራ ስፖንጅ ያለው የቻይና ጎማ፣ ለምሳሌ ሃሪኬን 3፣ በደረቅ እንጨት ላይ ሲለጠፍ ለጠንካራ ክንድ ካልሆነ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሊምባ ሲሆን ይለሰልሳል። ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ በለስላሳና በታጣፊ እንጨት ላይ ሲሆን ጠንካራ ምት ሲመጣ ይዘቅጣል፤ ኳሷ ስፖንጁን ጨርሳ እንጨት ትነካለች። ዣንግ ጂኬና መሰሎቹ ጠንካራውን ከጠንካራው አዋህደው መጫወታቸው ደንቡን አያፈርስም፤ በቀን ለሰዓታት የሚሠለጥን ሰው ክንድ ሌላ ነው። ጎማ የሚላጥና የሚተካ ነገር ስለሆነ ስህተቱ አያከስርም። እንጨት ግን ተይዞ የሚኖር ነው፤ እጅ የሚለምደው እሱን ነው። በየወሩ እንጨት የሚቀያይር ሰው አንድም ጊዜ ሪፖርቱን ሳያነብ ጸሐፊውን ያሰናብታል።

የተገጣጠመ ራኬት ለገዛም ሰው ዘዴ አለው። በየሠፈሩ፣ በየወጣት ማእከሉ የሚገኘው ራኬት አብዛኛው ጎማው ተለጥፎ የሚሸጥ ነው፤ ጀርባው ላይ ከዋክብት ይደረደሩበታል፣ ስለ እንጨቱ ግን አንዲት ቃል የለም። የጠርዙን ፕላስተር ትንሽ ገለጥ አድርጎ መስመሮቹን መቁጠር፣ በማስመሪያ መለካት፣ ከዚያ እጀታውን ላላ አድርጎ ይዞ ማንኳኳት ይቻላል። ውድ ስም ያለበት ራኬት በማይታመን ዋጋ ሲቀርብ ደግሞ ማመን አይገባም፤ ቪስካሪያ በብዛት ከሚኮረጁት አንዱ ነው። አዲስ ራኬት ጎማ ከመለጠፉ በፊት ገጹን በጣም ስስ በሆነ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ መቀባት፣ ለሊምባ በተለይ፣ ደግ ነው፤ አለበለዚያ ጎማው ሲላጥ የእንጨቱን ጭረት ይዞ ይነሳል። ቫርኒሹ ከወፈረ ለስላሳው ገጽ ደረቅ ይሆናል፤ የተከፈለበት ስሜት በብሩሽ ይጠፋል።

ለአዲስ አበባ ተጫዋች አንድ የምጨምረው አለ፤ ውጭ አገር በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ቦታ የለውም። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ 2.7 ግራም ብቻ ትመዝናለች። ባሕር ጠለል ላይ በሴኮንድ 9 ሜትር ያህል ስትበር፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትታት ጉልበት ከራሷ ክብደት ጋር እኩል ይሆናል፤ ጠንካራ ምት ከዚህ በእጥፍ በላይ ይፈጥናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ኳሷን የሚያዘገያት ይቀንሳል። ቶፕስፒንን ወደ ጠረጴዛው የሚጎትተውም ያው አየር ነውና ኳሷ እንደ ልቧ አትወርድም፤ ሁለቱም ወደ መርዘም ይገፏታል። ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ቶኪዮ ተፈትኖ መካከለኛ የተባለ ራኬት እዚህ ፈጠን ይላል፤ በሁለት መካከል የሚዋልል የሸገር ልጅ ዘገም ወዳለው፣ ታጠፍ ወዳለው ቢያደላ ምክንያት አለው። ይኸው ተጫዋች ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወርዶ ድሬዳዋ ቢጫወት ቶፕስፒኑ ከለመደው ቀድሞ ይወርዳል፣ መረብ የሚመታበትም ይበዛል። ራኬቱን መክሰሱን ትቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ኳሷን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይሞክር።